ልዩነቱ አልተሰማኝም

የሞተችው አይጥ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ነበረች። ጆሮ የሚሉት የድምፅ ባለሙያ በሆዱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ብብቱ ድረስ በመደርደሪያውና በግድግዳው መካከል አስገብቶ፣ ላስቲክ በጠቀለለበት እጁ ይዳብሳል። ሦስት ቀን ሙሉ ሳሎኑን ያገማችው እሷ ናት። ጣቱ ሲነካት እርጥብ ሆነችበትና ቋቅ አለው።

"አገኘሃት?" አለች ሚስቱ፣ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ በሩ ላይ ቆማ።

"አግኝቻታለሁ። አትጠጊ።"

"እኔ? ምን ቆርጦኝ! ከኋላው ልጥረግ ስልህ 'ሽቦዬን እንዳትነኪ' እያልክ፤ ይኸው ሽቦህ አይጥ ወለደልህ።"

ጆሮ የወጣለት ስሙ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የአዳራሽ ድምፅ ሲቆጣጠር ኖሯል፤ ማይክራፎን ሊጮህ መሆኑን ሳይጮህ በፊት ያውቃል እየተባለ የወጣለት ስም ነው፤ እውነትም ያውቃል። ስሙን ይወደዋል። ሲጠሩት ሳይሰማ የቀረ እየመሰለ ሁለቴ የሚያስጠራበት ጊዜም አለ።

አይጧን ለማውጣት አምፕሊፋየሩን ከፊት ይዞ ወደ ራሱ ሳበው። ትልቁ መዞሪያ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ይህ መዞሪያ ድምፁ በየትኛው መስመር እንዲያልፍ የሚመርጠው ነው። "ኤ" የተባለው መሰኪያ ላይ ከዕቃው ጋር የመጣው ቀጭን ሽቦ ተሰክቷል። "ቢ" ላይ ያለው ደግሞ እሱ በገዛ እጁ የሠራው ገመድ ነው፤ ከአሮጌ የኔትወርክ መስመር የተላጠ መዳብ፣ ሚስቱ እንደ ሹሩባ የጎነጎነችው፣ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ፣ ሁለት ወር የፈጀ። ለማነጻጸር እንዲመቸው ሁለቱንም ከነዚያው ስፒከሮች ጋር አያይዟቸዋል። መዞሪያው ወደ ኤ ሲዞር የድሮው፣ ወደ ቢ ሲዞር የእሱ።

መዞሪያውን ገልብጦ አየው። ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወደ ቦታው መልሶ ገፋውና ወደ ቢ አዞረው። ዞረ። ከሥሩ ያለችው የብረት ዘንግ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ኤ ላይ እንደተተከለች ናት።

እንደገና አዞረው። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። መዞሪያው ባዶውን ይዞራል።

አይጧን በላስቲኩ እንደያዘ ረስቷት ፒንሳ አነሣ፤ ዘንጓን በፒንሳ ነክሶ ቢ ላይ አደረጋትና ሙዚቃ ከፈተ። የቀኙ ስፒከር ጭራሽ ዝም አለ። የግራው እንደ ዘይት ተንጣጣና እሱም ጠፋ።

የገመዱን ጨርቅ ወደ ኋላ ሰብስቦ ጫፉን አየ። ሽቦውንና መሰኪያውን ሊያጣብቅ ያቀለጠው ስታኞ ግራጫ ኳስ ሆኖ ላዩ ላይ ተቀምጧል እንጂ ከመዳቡ ጋር አልተዋሐደም። በሁለት ጣቱ ሳብ ሲያደርገው ሽቦው ወጥቶ መጣ። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ጀማሪ ቢያመጣለት ፊቱ ላይ ይወረውርለት ነበር።

እንግዲህ በዚህ ገመድ ውስጥ አንድም ቀን ድምፅ አላለፈም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ "አቤት ጥራት!" ሲል የከረመው በዚያው በድሮው ቀጭን ሽቦ ነው።

"ምን ሆንክ? አይጧን አውጣልኝ እንጂ!"

"ቆይ አንዴ። አንቺ፣ ገመዱን ስቀይረው ልዩነቱን ሰምተሽው ታውቂያለሽ?"

ሚስቱ ሻርፗን ከአፍንጫዋ አወረደች። "እውነቱን ልንገርህ?"

"እህ።"

"እኔ ምንም ሰምቼ አላውቅም።"

"ታዲያ 'በጣም ያምራል' ስትዪኝ የነበረው?"

"ምን ልበልህ? ሁለት ወር ሙሉ ሽቦ ስትልጥ የከረምክ ሰው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየህ ስትጠይቀኝ! ደግሞ አንተን በድምፅ ነገር ማን ይናገርሃል?"

አንድ ሰው ተናግሮት ነበር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ከሰዓት፣ የሚሠራበትን አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሹሙን፣ መብራተኛውንና የራሱን ረዳት ቤቱ ጠርቶ በዚህ ሶፋ ላይ ደርድሯቸዋል። "ይሄ የድሮው ነው" ብሎ አሰማቸው። መዞሪያውን አዞረና "ይሄ ደግሞ የእኔ" አለ። ሒሳብ ሹሙ አፉን በእጁ ያዘ። "ወይኔ! መጋረጃ የተነሣ ነው የሚመስለው!" መብራተኛው ዘፋኟ ስትተነፍስ እንደሰማት ማለ። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት አሰበና "ባሱ ወፈር ብሏል" ብሎ ፈረደ።

ረዳቱ ብቻ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት የቀራት፣ አብራው ድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ላይ የምትቀመጥ፣ ከምትናገረው የምታዳምጠው የሚበልጥ ሴት ናት።

"አንቺስ?" አላት ሥራ አስኪያጁ።

"እንደገና ቢመልሱልኝ?" አለች። መለሰላት። "አንድ ጊዜ ደግሞ?" ደገመላት።

"እኔ እንጃ ጋሼ፤ ልዩነቱ አልተሰማኝም።"

ያኔ ጆሮ ሳቀ። "የእኔ እህት፣ ጆሮሽን ቤትሽ ረስተሽው መጥተሽ ይሆናል" አላት፤ ሌሎቹም አብረውት ሳቁ። ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ "ሒሳብ ሹም የሰማውን መስማት ያቃታት ልጅ ሚክሰር ላይ ምን ትሠራለች?" ብሎ ጠየቀው። አብራው አምስት ወር ሠርታለች። የእሱን ስሕተት ሁለቴ ለማንም ሳትናገርበት አርማለታለች። እሱ ግን "እርስዎ እንዳሉ" ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኬት መስኮት ላይ ናት። "ለድምፅ ሥራ ብቁ አይደለችም" የሚለውን ቅጽ ዛሬ ከትርኢቱ በፊት ፈርሞ እንዲያስረክብ ተነግሮታል፤ ቦርሳው ውስጥ ነው።

አይጧን አውጥቶ ጣለ። ተመልሶ ገመዱ ፊት ቁጭ አለ። ስታኞ ማቅለጫውን ካውያ ቢያግል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ያበቃል። መገጣጠሚያውን በደንብ ያጣብቃል፣ መዞሪያውን በአዲስ ማጣበቂያ ይይዘዋል፣ ማንም አያውቅም። እጁ ወደ ካውያው ሄዶ ነበር። እጁ መሄዱን ሲያይ ከአይጧ ይልቅ ራሱ ቀፈፈው።

እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፤ ገመዱን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሹሙም ነበር። ጆሮ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ያን ቀን ቤቴ የሰማችሁት ገመድ ነው። አልሰማችሁትም።" መዞሪያው ባዶውን ይዞር እንደነበር፣ ሽቦውም ከመጀመሪያው እንዳልተያያዘ አንድ በአንድ ነገራቸው።

"እንዴ!" አለ ሒሳብ ሹሙ። "እኔ ግን በእውነት ሰምቼዋለሁ።"

"ምን ሰማህ?"

"ያው... ጥራቱን።"

"የተበጠሰ ገመድ ነው እኮ ወንድሜ! ምኑን ነው የሰማኸው?"

"ቢሆንም" አለ ሒሳብ ሹሙ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "የሆነ ነገር ነበረው።"

ጆሮ አተኩሮ አየው። ይህ ሰው ያን ቀን ውሸት ነው ቢለው ኖሮ ይጠላው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እውነት ነው ስላለው ሊተፋበት ደረሰ። ግን ማን አስተማረው? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ የሰማውን አልሰማሁም ባለው ሁሉ ላይ ሲያስቅ የኖረው ራሱ አይደለም?

ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ። ይሄን አሁን የሚያውቀው ማነው? እኛ ሦስታችን። ስምህን በገዛ እጅህ ለምን ታበላሻለህ? ልጅቷም መስኮቱን ለምዳዋለች። ፈርምና እንገላገል።"

ጆሮ በድንገት ያ የአይጧ ሽታ መጣበት። መጀመሪያ ከሥራ አስኪያጁ፣ ቀጥሎ ከሒሳብ ሹሙ የመጣ መሰለው። በኋላ ከገዛ እጅጌው መሆኑን ዐወቀ፤ እጁን ታጥቦ ሸሚዙን ሳይቀይር ነበር የወጣው።

ቅጹን አውጥቶ "አይደለችም" የሚለውን ሰረዘ፤ ከጎኑ "ናት" ብሎ ጻፈ። ለምን እንደ ሰረዘም ከሥር በሁለት መስመር አስፍሮ፣ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ጽፎ ፈረመ።

"ትኬቱንስ ማን ይሸጣል?" አለ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን እያየ።

"ዛሬ እኔ እሸጣለሁ።"

"ሚክሰሩስ?"

"እሷ ትቀመጥበት።"

"ዛሬ? አዳራሹ ይሞላል እኮ!"

"አምስት ወር አብራኝ ስትሠራ አዳራሹ ባዶ አልነበረም።"

ረዳቱ ትኬት መስኮቱ ውስጥ ጥቅሎቹን በቀለም በቀለም እየለየች ነበር። ስታየው ልትነሣ አለች፤ "ተቀመጪ" አላት፤ እሱ ቆሞ ነገራት። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። አንዷን ጥቅል በእጇ ስታሽከረክር ቆየች።

"ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር" አለች በመጨረሻ።

"ምን ሆነሽ?"

"ጆሮዬን ልታይ። እርስዎ እንደዚያ ሲሉኝ... አንድ ነገር ቢኖርብኝ ነው ብዬ።"

"እሺ? ምን አለሽ?"

"ምንም የለበትም አለኝ።" ዓይኗን ቀና አደረገች። "እኔ ግን እርስዎን አመንኩ።"

ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ያን ያህል ትንሽ ነገር ይዞ ፊቷ መቆሙ አሳፈረው። ቢሆንም አለው። "ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ቀን ቤቴ ከነበርነው ሁሉ ጆሮ የነበረሽ አንቺ ብቻ ነሽ።" ከዚያም ማንም እንዲነካበት የማይፈቅደውን ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ጥቅሎቹ አጠገብ አስቀመጠላት።

"ሁለተኛው ማይክራፎን ዛሬም ያስቸግር ይሆን?" አለች።

"ያስቸግራል። የሰማሽውን አድርጊ። እኔን እንዳትጠይቂኝ።"

መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ አለው። መልስ ሲሰጥ ሁለቴ ተሳሳተ፤ አንዲት ሴትዮ "አዲስ ነዎት መሰል" አለችው። "አዎ፣ ዛሬ ጀመርኩ" አላት። ሰልፉ እየረዘመ ሳለ ሒሳብ ሹሙ በጎን መጥቶ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

"አዳራሹ በር ላይ ቆሜ መጣሁ" አለ በሹክሹክታ። "ይኸውልህ፣ ያንተ እጅ ስለሌለበት ድምፁ ደረቅ ብሏል። እኔ ወዲያው ነው ያወቅኩት።"

ጆሮ ወደ አዳራሹ አዳመጠ። የወንበርና የእግር ኮቴ ድምፅ ብቻ ነው ያለው።

"ገና አልከፈተችውም" አለው።

"ምኑን?"

"ድምፁን። ገና ምንም አልከፈተችም። አሁን ከመስኮቱ ዞር በልልኝ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ጥቂት ቆይቶ ትርኢቱ ተጀመረ። የመድረክ አስተዋዋቂው ድምፅ በግድግዳው አልፎ ጥርት ብሎ መጣ። ከሥሩ ግን ቀጭን፣ ሌላ ሰው ገና የማይሰማው ፉጨት ጆሮ ሰማ፤ ሁለተኛው ማይክራፎን ሊጮህ ነው። ሳያስበው ከወንበሩ ተነሣ። እጁ የበሩን እጀታ ያዘ።

ፉጨቱ ገና አልቆመም። ጆሮ እጀታውን ለቀቀና ተመልሶ ተቀመጠ።

"ቀጣይ" አለ፤ "ስንት ትኬት ነው?"