ዮሐና ለጋሽ ተረፈ ደወለች

ወንበሩ የኢዳን አፍንጫ ሲያገኘው ደሙ የሂሳብ ደብተሯን አለበሰው። ናታሊ ግን አልበቃትም፤ የወደቀችውን ልጅ ፀጉር ጨምድዳ ግንባሯን ከወለሉ ታጋጫት ጀመር። ኢዳ ስለ ናታሊ ሟች እናት አንድ ክፉ ቃል ተናግራ ኖሯል። ዮሐና መሃል ገባች፤ ገላጋይ መቼም ድርሻውን አያጣም፣ የናታሊ ክርን ጉንጯ ላይ አረፈ።

ዮሐና ገና አስተማሪ አልሆነችም። የመምህራን ኮሌጇና ይህ የስቶቭነር ሰፈር ትምህርት ቤት ውል አላቸው፦ ኮሌጁ ተማሪዎቹን ይልካል፣ ትምህርት ቤቱ ክፍል ይሰጣቸዋል፣ ሃያ ዓመት ያስተማረችው ሲሪ ደግሞ ከኋላ ተቀምጣ ታያትና ታልፊያለሽ ወይም ትወድቂያለሽ ትላለች። ይህን ልምምድ በአገሩ ቋንቋ ፕራክሲስ ይሉታል። ሕጉ መዓት ነው፤ አንዱ የፕራክሲስ ተማሪ ለወላጅ አይደውልም ይላል።

ሲሪ ኢዳን ደግፋ ወደ ነርሷ ስትወስድ፣ «ለናታሊ አባት እኔ እደውላለሁ፤ አንቺ አጠገቧ ሁኚ» ብላት ወጣች።

አበሻ ደግሞ መቼ አስችሎት! የናታሊን አባት ጋሽ ተረፈን ዮሐና ከቤተ ክርስቲያን ታውቃቸዋለች። ሚስታቸውን እዚሁ ስደት አገር ቀብረው፣ ቢሮ እያፀዱ ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሰው ናቸው። እሳቸው ይህን ጉድ በአስተርጓሚ፣ ከፈረንጅ አፍ ይስሙት? ነውር ነው። ከወገን ቢሰሙት ይቀላቸዋል ብላ ስልኳን አወጣች።

«ጋሽ ተረፈ፣ እንዳይደነግጡ፤ ናታሊ ተጣልታ ነው።»

«መጣሁ ልጄ።»

በሃያ ደቂቃ ከጎረቤት ሰፈር ከሃውገንስቱዋ ደረሱ። ሌሎቹ ተማሪዎች በወጡበት ባዶ ክፍል ውስጥ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ተረፈ አስቀድመው ለዮሐና ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፤ ቀና ሲሉ ያበጠ ጉንጯን አዩ።

«ይሄን እሷ ናት?»

ዮሐና ጉንጯን በመዳፏ ሸፈነች። ለሳቸው ይኸው በቂ መልስ ሆነ።

ዱሮ ወላጅ ልጁን ለአስተማሪ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ይል ነበር። ጋሽ ተረፈ ለዓይኗም አልሳሱ። የመጀመሪያው ጥፊ ከግድግዳ አላተማት፣ ሁለተኛው ከንፈሯን ሰነጠቀው። ከዚያ ቀበቷቸውን ፈቱ፤ ዘለበቱ ቅንድቧን ከፈተው። ዮሐና «ኧረ በእመቤቴ!» እያለች ክንዳቸው ላይ ተንጠለጠለች። እሳቸው እያለቀሱ ገረፉ። ናታሊ ጥርሷን ነክሳ ተቀበለችው።

የሲሪ ኮቴ ሲሰማ ቀበቶው ኪስ ገባ።

«ምን ሆነች?» አለች ሲሪ በሩን ከፍታ።

«በሩ መታኝ» አለች ናታሊ ደሟን እየዋጠች።

ሲሪ ወደ ዮሐና ዞረች። «እውነት ነው?»

እውነት ነው ብትል ያ ቀበቶ ከልጅቷ ጋር አብሮ ቤት ይገባል። አይደለም ብትል ልጅቷን ዛሬውኑ ከአባቷ ሊለዩአት ይችላሉ፤ እናት የላት፣ ያለችው በሳቸው ነው። የራሷ ፕራክሲስማ ስልኩን ስታነሳ አብቅቶለታል።

«ኔይ፣ አይደለም» አለች። «አባቷ ናቸው። የጠራኋቸውም እኔ ነኝ።»

ሲሪ ለሕፃናት ጥበቃው፣ ለባርነቨርኑ ልትደውል ስልኳን አወጣች። ይኼኔ ናታሊ ዘላ ዮሐና ላይ ወጣች። ፊቷን በጥፍሯ ቧጠጠቻት፣ አፏን በቡጢ ደጋገመቻት። «አባቴን! አባቴን ሸጥሽው!» ስትገረፍ ያልወጣት ለቅሶ አሁን ገነፈለ። ዮሐና እጇን አላነሳችም፤ ይገባኛል አለች በልቧ።

የደረሱላት ጋሽ ተረፈ ናቸው። ልጃቸውን ከኋላ አቅፈው ወደ ደረታቸው ሳቧት፤ በመዳፋቸውም የቅንድቧን ደም ጠረጉላት።

«ተይ የኔ እናት» አሏት ቀስ ብለው። «ተይ። አስተማሪ አይመታም።»