በእኔ ድምፅ

ወይዘሮ ውቢት ዙሪክ አጠገብ ባለው በክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ልጃቸው ሉሉ ጄኔቭ፣ ሻትሌን በሚባለው ሰፈር ብቻዋን ትኖር ነበር። ማሞቂያ እየጠገነ በየቤቱ የሚገባ ሬሞን የሚባል ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሴቶችን አንቆ ገደለ። ሦስተኛዋ ሉሉ ነበረች። አራተኛዋን ዙሪክ ላይ ሲሞክር ሴትዮዋ እጁን ነክሳ አመለጠች፤ ፖሊስም በዚያው ዕለት ባቡር ጣቢያ ደረሰበት።

እኔ ኂሩት እባላለሁ፤ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ችሎቱ ጄኔቭ ሲጀመር ከወይዘሮ ውቢት ጎን ተቀምጬ የሚባለውን ሁሉ በጆሯቸው እነግራቸው ነበር። ደንባችን ልክ እንደ ተናጋሪው «እኔ» ብለን እንድናወራ ነው፤ «እሱ እንዲህ አለ» አይባልም። አስቀድሜ አስረድቻቸዋለሁ።

«ገባኝ፣ ልጄ» ብለውኝ ነበር።

ሬሞን ተነሥቶ መናገር ጀመረ። እኔም ተከተልኩት።

«በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ሻይ ትጠጣለህ ወይ አለችኝ። ማሞቂያውን ጠግኜ ጨረስኩ። ከዚያ አንገቷን ያዝኳት።»

ወይዘሮ ውቢት ወደ እኔ ዞሩ። እሱን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩትም። ወንበራቸውን ትንሽ አራቁ።

ዳኛዋ የሚጠይቁት ነገር ካለ ብላ ዕድል ሰጠቻቸው። ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ፦

«ምን አድርጋሽ ነው?» አሉ።

በፈረንሳይኛ ጠየቅኩት። መለሰልኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

«እንዴት አታውቂም!»

ዳኛዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ለእሱ ይሁን ለእኔ የተባለው፣ ለራሴም አልለይ አለኝ። ሳልተረጉመው ቀረሁ። ችሎቱ ለዕረፍት ተነሣ።

በሁለተኛው ሳምንት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ጠበቃቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ሬሞን የመፈታት ጥያቄ ሊያቀርብ እንደሚችል ሲነግራቸው፣ ወይዘሮ ውቢት ግራ ገባቸው።

«ዳኛዋ ዕድሜ ልክ አላለችም እንዴ?»

«ብላለች» አልኩ።

«ታዲያ የማን ዕድሜ ነው?»

ይህንንም ተረጎምኩ። ጠበቃው ወረቀቱን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ሁለታችንም የምንመለሰው ወደ ዙሪክ ነበር። ባቡሩ ውስጥ ርቄ ተቀመጥኩ፤ ድምፄን መስማት የሚፈልጉ አልመሰለኝም። ቨርሷ የሚባለውን ጣቢያ እንዳለፍን ግን ተነሥተው መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ያንን ሁሉ እንደገና ንገሪኝ። አሁን ግን እሱ እያልሽ።»

«ይቅርብዎት፣ እማማ።»

«ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። በሩን ከፈተችለት፣ ሻይ ትጠጣለህ ወይ አለችው፣ ያዛት። አንዴ ተሳስቼ «ያዝኳት» ልል ስል ራሴን ገታሁ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሻይ አለችው?»

«አዎ።»

«ሉሉ እኮ ሻይ አትወድም። ቤቷ ሻይ የለም።»

 ዙሪክ እስክንደርስ «ሻይ አለችው?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ።