ከመደርደሪያው ላይ

በአናጺው መጋዘን ውስጥ ዘጠና ስድስት ጣውላ በመደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። ሁሉም ሦስት ዓመት ከአራት ወር የደረቀ ነው። አየር እንዲያልፍ በየጣውላው መካከል ጣት የሚያህል እንጨት ገብቷል። በየወሩ አንዱን አውጥቶ ይመዝናል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ጥጉ ላይ ደግሞ ጉጥ የበዛባቸውና የተንሻፈፉ ሰማንያ ጣውላዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

አናጺው በክርስቶስ ካመነ አምስተኛ ወሩ ነው። ስድብ ትቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ይጸልያል። ሚስቱ ግን፣ "ምላሱ ድኗል፤ እጁ ገና ወረፋ እየጠበቀ ነው" ትላለች።

ማክሰኞ ጠዋት ጎረምሳው መጣ። ጎረምሳ የሚለው አናጺው ብቻ ነው እንጂ ሰውዬው የሁለት ልጆች አባት ነው። አናጺው ስምንት ዓመት ሙያውን ቢያስተምረው፣ እሱ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ሱቅ ከፈተበት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው የአንገት ብቻ ሆኗል።

"ጋሼ፣ ቧንቧ ፈንድቶ እንጨቴን በሙሉ ውሃ በላው" አለ ደጃፉ ላይ እንደቆመ። "የሕፃናት ማሳደጊያው በሁለት ወር ሃያ አራት አልጋ ይጠብቃል። ልጆቹ መሬት ላይ ነው የሚተኙት። በእርጥብ እንጨት ብሠራው ይሰነጠቃል። ካላደረስኩ ደግሞ ሱቁን መዝጋቴ ነው።"

"ግባ፤ ገንዘብ አልቀበልህም" አለው አናጺው፤ ጥጉ ላይ ያሉትን ጣውላዎችም አሳየው።

ጎረምሳው አንዱን ጣውላ አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። እንዲህ አድርጎ ማየት ያስተማረው አናጺው ራሱ ነው። ጣውላው የተንሻፈፈ ነበር፤ ቢሆንም "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" ብሎ መሸከም ጀመረ።

የአናጺው ሚስት ከጓዳ ብቅ አለች። "አንተ ሰው፣ አንተ በዚህ አልጋ ትሠራለህ?"

"እኔማ አልሠራም።"

"ታዲያ?"

"በነፃ ነው እኮ!"

"በነፃማ ነው። መጋዘንህን የሚጠርግልህ እሱ፣ የሚያመሰግነውም እሱ!"

አናጺው አምስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ክርስቶስን የሚያመሰግንበት ስጦታ ትዝ አለው፤ ጉንጩ ጋለ። ከዚያ እንደ ልማዱ አሰላ። አንድ አልጋ ሦስት ጣውላ ይፈጃል። ሰባ ሁለት ሲሰጥ ሃያ አራት ጣውላ ይተርፈዋል። ከደንበኛ የታዘዘው ትልቅ ቁም ሳጥን ግን አርባ ይፈልጋል።

መንገዱን ተሻገረ። "ጎረምሳ! ያንን አውርድ!"

ጎረምሳው ክው አለ። "ሐሳብዎን ቀየሩ?"

"አዎ። ያ ማገዶ ነው። ና፣ ከመደርደሪያው ሰባ ሁለት ቁጠር።"

"ጋሼ፣ የርስዎ ሥራስ?"

"ክርስቶስ ለእኔ ራሱን ሰጠኝ እንጂ ከጥጉ መርጦ አልሰጠኝም። ይልቅ ስትሸከም ጫፉን እንዳታጋጨው፤ ያኔ የተውኩት ስድብ ይመለስብኛል!"

የቁም ሳጥኑ ደንበኛ፣ ሌላ ደረቅ እንጨት እስኪገኝ አምስት ወር መጠበቅ አለብዎ ሲባል ተቆጥቶ ሥራውን ለሌላ አናጺ ሰጠ። አናጺው መላጊያውን ይዞ ማዶ ተሻገረ። ጎረምሳው ይቆርጣል፣ እሱ ይልጋል፤ በመካከል ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ።

ከማስረከባቸው በፊት አናጺው እያንዳንዱ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ተገላበጠ። አንዱም ሲጥ አላለም። ሃያ አራቱም ከቀጠሮው ስድስት ቀን ቀድመው ማሳደጊያው ገቡ።