አዞ ሐረግ አይጠጣም

ደባርቅ ገበያ ቅጠልና ሥር ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው። አዞ ሐረግን ለመጠጥ የሚገዛ ሰው ያየሁት ግን ባለፈው ቅዳሜ ነው።

«ለቁስል ነው አይደል?» አልኳት ደንበኛዬን ውቢትን።

«ኧረ የለም፣ እቴ ነሲባ! ባለቤቴን የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ ብጫ ሆኗል። የዛሬውን አፍልቼለታለሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠጣል። የነገውን ልግዛ ብዬ ነው።»

ስልኳን ዘረጋችልኝ። የአንድ ትንሽ መጽሐፍ ገጽ ፎቶ ነው። የአዞ ሐረግ ሥር ፈልቶ ይጠጣል ይላል። ነጋሪ፣ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ። ጸሐፊ፣ ልጃቸው ትሕትና።

አዞ ሐረግ ቆዳን እንኳ ያቃጥላል፤ አንጀት ቢገባ ምን እንደሚያደርግ አላህ ይወቀው። መሪጌታ ይህን ለልጃቸው ሲነግሯት አጠገባቸው ነበርኩ። ትሕትና ከዩኒቨርሲቲ መጥታ፣ ደብተሯን ዘርግታ ትጠይቃለች። እሳቸው መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል ባይ ናቸውና አፋቸው ላይ የመጣውን ይሰጧታል። በዓይናቸው ጠቀሱኝ። እኔም ሳቅሁ! አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

«ደውይለት!»

«ስልክ ያለን ይሄው አንድ ነው። ደግሞ ባለቤቴ ያርጋል ከመሪጌታ በቀር ማንንም አይሰማም።»

አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ባጃጅ ይዘን መሪጌታ ቤት ደረስን። «ይነሡ፣ መሪጌታ! ያን አዞ ሐረግ ሰው ሊጠጣው ነው» አልኳቸው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ትሕትና «ምን ተፈጠረ?» እያለች አብራን ተጫነች። አባቷ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ውቢት ቤት ስንደርስ ያርጋል ጣሳውን አንስቷል። ልነጥቀው ስል ገፋ አደረገኝ።

«አንቺ ገበያሽ እንዳይቀርብሽ ነው! ይህ የመሪጌታ ቃል ነው። አይደለም እንዴ፣ መሪጌታ?»

መሪጌታ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ መሬቱን። ያርጋል ጣሳውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ይናገሩ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም።

«ዋሽቼ ነው» አሉ። «አይጠጣም። ልጄን ዋሽቻት ነው።»

ያርጋል ጣሳውን ደፋው። ውቢት እያለቀሰች ደግፋ ባጃጁ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ሦስታችን ግቢው ውስጥ ቀረን።

ትሕትና አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «አርባ ሦስት ዕፅ ነግረውኛል፣ አባየ። መጽሐፉን በየቀበሌው አድለነዋል» አለች።

«አሁን እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። ከአባታቸው የተቀበሉትን፣ ለሚሞቱበት ቀን ያቆዩትን የወፍ በሽታ መድኃኒት እኔ እየሰማሁ በስሙ ጠሩላት።

እሷ ብዕር አላወጣችም። ወደ እኔ ዞረች።

«እትየ ነሲባ፣ እውነታቸውን ነው?»

ያን መድኃኒት ስሸጥ የኖርኩት እሳቸው ወቅጠው፣ በወረቀት ጠቅልለው የሚሰጡኝን ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ነግረውኝ አያውቁም። መሪጌታ እንድመሰክርላቸው ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት።