ድልድዩን የተሻገረው

አሮጌ የቪዲዮ ጌም በሚሸጥበትና በሚጠገንበት በዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሠራውን ጠጋኝ ሁሉም «ሐኪሙ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ባለሱቁ አጎቱ ነው። ለቀልድ ነበር ያወጣለት፤ እሱ ግን የምር አድርጎ ያዘው። አበቃለት የተባለ ማሽን አስነስቶ ሲያበራ ደረቱ ይነፋል፤ ደንበኛው ሳያመሰግነውም ከአጠገቡ ንቅንቅ አይልም። ሙያ በልብ ነው የሚባለው ነገር ጆሮው የደረሰ አይመስልም።

አጎቱ አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮታል። የድሮ የጌም ካሴት ሆዱ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለችው፤ ተጫዋቹ የደረሰበትን ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። እሷ ከወጣች ሁሉም ነገር ይጠፋል። ስለዚህ ካሴት ሳትከፍት በፊት ውስጡ ያለው ይፈለግ እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቅ ብሎታል። ሐኪሙ መጀመሪያ ላይ ይጠይቅ ነበር። ሰው ሁሉ «ኧረ ምን ያደርግልኛል» ሲለው ጊዜ ግን ተወው።

አንዲት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ካሴቷን ያመጣችው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል ብላ ነው። ቆሽሾ ነበር፤ ጠርጎ ቢመልሰው ይበቃ ነበር። እሱ ግን ማን አዞት እንደሆነ እንጃ፣ እግረ መንገዱን መበየጃውን አግሎ ባትሪዋን በአዲስ ለወጠ።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ብቅ አለችና የወንድሟ ጨዋታ ደህና መሆኑን ጠየቀችው። ወንድሟ አምና ሞቷል። ልጆች ሳሉ የጀመረው ጨዋታ እዚያ ውስጥ እንዳለ፣ ስሙንም «አንበሳው» ብሎ እንደጻፈ ነገረችው። ሐኪሙ የለወጣት ባትሪ ትዝ አለችው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ አሁኑኑ ነግሬያት ይውጣልኝ ብሎ አሰበ። አፉ ግን ገና አልጨረስኩም፣ ቅዳሜ ነይ አለ።

ካሴቱ ውስጥ «አንበሳው» ብሎ ጻፈና፣ የወንድሟ እንዲመስል እስከ ቅዳሜ ሱቁ ጭር ባለ ቁጥር እንደ አዲስ ይጫወተው ጀመር። ሐሳቡ ትንሽ ተጫውቶ ለመተው ነበር። ነገር ግን የማይችል መስሎ መጫወት አልሆንልህ አለው፤ ጎበዝነቱ እዚህም አላስቀምጥ አለው። ከእግር ሥር እየተናደ የሚሄደውን ድልድይ እየዘለለ ተሻገረና ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ሲደርስ ጨዋታውን እዚያው አስቀመጠው፣ ሴቭ አደረገው። አጎቱ ከኋላው ሲያልፍ ምን እየሠራህ ነው ቢለው፣ እየሞከርኩት ነው አለ። በፍጥነቱ ትንሽ ተደስቶም ነበር፤ በኋላ ከሁሉም በላይ ያሳፈረው ይሄ ነው።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ጆይስቲኩን ያዘች። ስሙ ብቅ ሲል ሳቀች። ቤተ መንግሥቱ ሲመጣ ሳቋ ቆመ።

«ድልድዩን ተሻግሯል እንዴ?»

ወንድሟ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ አንቺ አሻግሪኝ እያለ ጆይስቲኩን ይሰጣት እንደነበር ተረከችለት። እሷም አልቀበልህም፣ ፈሪ ትለው ነበር። ፈሪ እንደተባለ አደገ፤ ቤተሰቡም በዚያው ስም ጠራው። ታሞ ተኝቶ መርፌ ሲወጉት እንኳ ፈሪ ብላው ስቃለች።

«ለካ ተሻግሮ ነበር» አለች። «አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም። እኔ እስከ መጨረሻው ፈሪ እያልኩት።» ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

ሐኪሙ ዝም ቢል የሚያውቅበት ሰው አልነበረም። ግን የሱን እፍረት እሷ ተሸክማ ስታለቅስ ቆሞ ማየት አቃተው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር።

«እህቴ፣ የተሻገርኩት እኔ ነኝ» አለ። «የሱን ሳልጠይቅሽ አጥፍቼዋለሁ። ይሄ የኔ ነው።»

ብትጮህበት ይቀለው ነበር። አልጮኸችም። ዓይኗን ጠረገችና ጆይስቲኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ገመዱንም እንደ ባለሙያ ሰብስባ አጠገቡ አኖረችው።

«እሺ» አለች። «የሱ የት ደርሶ ነበር?»

ካሴቱን ከመክፈቱ በፊት አንዴ እንኳ ማሽን ላይ ሰክቶ አላበራውም ነበር። ሐኪሙ አንገቱን ደፋ።

«አላየሁትም» አለ።