የዘጠነኛው ሐብሐብ አባላት፣ ያሉና የነበሩ

ሜርል ሆስኪን ሳይኬደሊክ ሮክ የሚባለው የቅዠት ዓለም ሙዚቃ ውስጥ የገባችው በኦርጋን ምክንያት ነው። በምዕራብ አውስትራሊያዋ ፍሪማንትል ከተማ ውስጥ፣ ከወደቡ ብዙም በማይርቅ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን እሁድ እሁድ መዝሙር ታጅብ ነበር። ምእመናኑ እያረጁና እየሳሱ ሄደው ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ፣ ሽማግሌዎቹ ትንሹን የኤሌክትሪክ ኦርጋን ስለ ረጅም አገልግሎቷ በስጦታ አበረከቱላት። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ለመሸጥ ሞክረው የሚገዛ ያጡት ከዚያ በፊት ነው። ኦርጋኑ እናቷ ሳሎን ገባ፣ ዳንቴል ለበሰ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸከመ፣ የሚነካውም ጠፋ። ይህ የሆነው ሰው ጨረቃ ላይ በወጣበት ዓመት ነው።

በዚያው ዓመት የሥጋ ሻጩ የክላንሲ ልጅ ሮድኒ፣ ሮድኒ መሆኑን ተወ። ከእንግዲህ ኦሪዮን ነኝ አለ። አባቱ ግን ቋሊማ የሚያስሞሉት ሮድኒን ስለነበረ፣ ኦሪዮን የሚኖረው ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻ ነበር። ጸጉሩን አስረዘመ፤ እናቱ በጣሉት መጋረጃ ሸሚዝ አሰፋ፤ ከዚያም ባንድ አቋቁሞ "ዘጠነኛው ሐብሐብ" አለው። ስምንቱ የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ሁሉ ያገኘው መልስ አንድ ነው፤ ኦሪዮን ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። ብዙዎች ጥልቅ ሰው መሆኑን የተረዱት በዚህ ነው።

"ለጊዜው ነው" አላት፣ የእነሜርል በራፍ ላይ ቆሞ። "ኦርጋን የሚጫወትልን ልጅ ሲድኒ ደረስ ብሎ እስኪመጣ።"

"የምትፈልገው እኔን ነው ኦርጋኑን?"

"እውነቱን ልንገርሽ? ኦርጋኑን። ብቻውን የምትሰጡን ግን አልመሰለኝም።"

"አልተሳሳትክም ሮድኒ" አሉ እናቷ ከጓዳ። "አባትህን ደግሞ፣ ባለፈው የሸጡልኝ የበግ እግር ጅማት ብቻ ነው በልልኝ።"

ኦሪዮን መልእክቱን አደርሳለሁ ብሎ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ሲድኒ ደረስ ብሎ የሚመጣው ልጅ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

የሚለማመዱት ከክላንሲ ሥጋ ቤት ጀርባ ባለው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ድምፅ አያወጣም፤ ሰፈሩም በዚህ ክላንሲን ያመሰግናል። ሜርል በየካቲት ሐሩር የክረምት ካፖርቷን በክንዷ ይዛ ስታልፍ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል። ውስጥ፣ በተሰቀሉት በጎች መካከል፣ ኦሪዮን ትንፋሹ እየጨሰ ስለ ፀሐይ ይዘፍናል። ዋናው ዘፈናቸው "ቢጫው ጆሮ" ይባላል፤ መጨረሻ የለውም። ለማሽሟጠጥ አይደለም፤ ኦሪዮን መጨረሻ አልሠራለትም።

"እኔ እምለው" አለ አንድ ቀን ድራም መቺው ሳል ሚራጎ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ "የት ጋ ነው የምናቆመው?"

"ጊዜ የሚባል ነገር እኮ የለም ሳል።"

"ላንተ ይሆናላ። እኔን አባቴ ጀልባው ጋ ይጠብቀኛል።"

"በጥልቀት ካየኸው አባትህም የለም።"

"እሱን መጥተህ ንገረው እስቲ። እኔም ልይህ።"

የቤዝ ጊታር ተጫዋቾቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው አግብቶ ሄደ። ተከታዩ ዳቦ ቤት ከፈተ። ቀጥሎ የመጣው ጌታን አገኘ፤ ጌታም ወዲያው ከባንዱ አስወጣው። አንዱ ደግሞ በልምምድ መሃል እንቅልፍ ወስዶት፣ ሲነቃ ሁሉም ወደ ቤታቸው ሄደው አገኘና በዚያው ቀረ። ሰው በወጣ ቁጥር ኦሪዮን "ባንዱ እያደገ ነው" ይላል። እንደሱ አነጋገር ከሆነ በምዕራብ አውስትራሊያ የዘጠነኛው ሐብሐብን ያህል ያደገ ባንድ አልነበረም።

ሜርል ግን አልወጣችም። ለምን እንዳልወጣች ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ኦሪዮን ሲናገር ያማታል፤ ብርዱ ጣቷን ያደነዝዛታል። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያንዳንዱ መዝሙር አሜን አለው፣ አሜን ሲባል ጣትን ማንሳት ግድ ነው። እዚህ አንድ ድምፅ ይዛ፣ ሳል ከሥሩ ቀስ እያለ ሲመታላት፣ ድምፁ ወፍሮ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ክፍሉን ሞልቶ፣ የበጎቹን መስቀያ መንጠቆ እስኪያንቃጭል ድረስ ትጠብቃለች። የሚያስቆማት የለም። እናቷ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቋት "ይበርዳል" ከማለት በቀር ምንም አትልም።

አልበም አወጡ። ሽፋኑ ላይ፣ በተሰቀሉት በጎች መካከል ቆመው ፎቶ ተነስተዋል፤ ያን ቀን ሌላ ቦታ ስላልተገኘ ነው። የሜልበርን አንድ መጽሔት ግን በጎቹ የዘመኑን ሰው ባዶነት እንደሚያሳዩ ጻፈ። ሽማግሌው ክላንሲ አልበሙን መስኮታቸው ላይ፣ ከጎድኑ አጠገብ አቆሙት፤ የበግ ሥጋ ገበያም ትንሽ ሞቅ አለ። ከዚያ ሜልበርን ኑና ተጫወቱ ተባሉ።

ሜልበርን ለመድረስ የናላርቦርን ሜዳ ማቋረጥ ግድ ነው። ዛፍ የለም፣ ኩርባ የለም፣ መንገዱ እንደ ተዘረጋ ክር ነው። ኦሪዮን፣ ሜርል፣ ሳልና በዚያ ሳምንት የነበረው ቤዝ ተጫዋች በአሮጌ ቫን ተጭነው፣ ኦርጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተነሱ። ኦሪዮን በየጊዜው አቁሙልኝ እያለ ይወርድና ሜዳውን ያያል። ያየውም ነገር ያው ሜዳ ነው። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ወርዶ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ከኋላው አንድ ቀለም የተቀባ አውቶቡስ ቆሞ ነበር፤ ውስጡ መምህራቸውን ተከትለው ወደ ኩዊንስላንድ የሚሄዱ፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች ሞልተዋል።

"ጠራኝ" አለ ኦሪዮን።

"ማን?" አለ ሳል።

"ሜዳው።"

"እና ሜዳው ኩዊንስላንድ ሂድ አለህ?"

"በድምፅ አይደለም የሚናገረው።" ጊታሩን ከቫኑ አወጣ። "አትዘኑ። ባንዱ እኔ ስለሆንኩ፣ እኔ ስሄድ እሱም በሰላም ያርፋል። ስሙን ቅበሩት።"

ሜርል ቫኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን እየበላች ነበር። አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ የተሰማት ነገር ኀዘን መሆን ነበረበት፤ እሷም ኀዘኑን ጠበቀችው፣ አልመጣም። የመጣው ንዴት ነው። እሷ በብርድ ደንዝዛ የሠራችውን ነገር ሌላ ሰው "እኔ ነኝ" ብሎ ይዞት ሊሄድ።

"እንመለስ?" አላት ሳል።

"ወደ ክላንሲ የጅማት ሽያጭ? ንዳው።"

እኩለ ቀን ላይ መንገድ ዳር ያለ ነዳጅ ማደያ ደረሱ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ኖኤል ፈርቢ የሚባል ወፍራም ወጥ ቤት ፓይ የሚባለውን ሥጋ የተሞላ ዳቦ እያቀረበ ያንጎራጉራል። የሚያንጎራጉረው የከብት ነጂዎች ዘፈን ነበር፤ የሞተ ፈረስ፣ ጥላ የሄደች ሚስት፣ ያልዘነበ ዝናብ። ድምፁ ግን ግድግዳውን አልፎ ቫኑ ድረስ ይሰማል።

"ምን ሆናችሁ እንዲህ የከፋችሁ?" አላቸው ሳህኑን እያስቀመጠ።

"ዘፋኛችን ጥሎን ሄደ" አለ ሳል።

"ሞተ?"

"የለም፣ ተገለጠለት።"

"ይኼማ የባሰ ነው። የሞተ እንኳ ተመልሶ አይመጣም።"

ሜርል ሹካዋን አስቀመጠች። "ጊታር ትችላለህ?"

"ፈረሱ እስኪሞት ድረስ እችላለሁ" አለ ኖኤል። "ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።"

ሽርጡን ፈትቶ፣ ለማደያው ባለቤት መጣሁ ብሎ ቫኑ ውስጥ ገባ። ሜልበርን ውስጥ ሰዉ ኦሪዮንን ሲጠብቅ አንድ ወጥ ቤት መድረክ ላይ ወጥቶ ቢጫውን ጆሮ እንደ ሙት ፈረስ ለቅሶ ዘፈነው። ፓይ ሳይቀዘቅዝ ማለቅ አለበት የሚል እምነት ስለነበረው ዘፈኑን በአጭሩ ቆረጠው። ሜርል ከሥሩ ያን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ያዘችለት። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። መጽሔቱ በማግስቱ ዘጠነኛው ሐብሐብ ከረጅም ምርምር በኋላ የበረሃውን ነፍስ አግኝቷል ብሎ ጻፈ። ኖኤል ጽሑፉን አስነብቦ ሲሰማ የትኛውን በረሃ እንደሆነ ጠየቀ።

ከዚያ ወዲህ የባንዱ አለቃ ማን እንደሆነ የመረጠም የተናገረም የለም፤ ሜርል ናት። ቫኑን የምታስጠግነው እሷ፣ ከመጠጥ ቤቶቹ ጋር የምትደራደረው እሷ፣ የኮንሰርት ቀን የምትወስነው እሷ። ሰው ማሰናበትንም እንደ መዝሙር ተማረችው፤ በለስላሳው ይጀመራል፣ በአሜን ያልቃል። ኖኤል ስለ ውሻው ብቻ የሚዘፍን አልበም ይውጣ ብሎ ድርቅ ሲል አሰናበተችው። ከሱ በኋላ የመጣውን በመልኩ ቀጠረችው፣ በዚያው ምክንያት አባረረችው። ዘጠነኛው ሐብሐብ ሳይኬደሊክ ፋሽን ሳለ ሳይኬደሊክ፣ ከፋሽን ሲወጣም ሳይኬደሊክ ሆኖ ቀጠለ፤ ብዙ ዘመን የዘለቀ ነገር በራሱ ጊዜ ክቡር ስለሚሆን የከተማው ምክር ቤት አንድ የእንጨት ሽልማት ሰጠው።

የሳል አወጣጥ ግን እንደዚህ አልነበረም። አባቱ ልባቸውን አሟቸው ጀልባውን የሚረከብ ሲጠፋ ራሱ መጥቶ ነገራት። ድራሙን አብረው ወደ መኪናው ጫኑ።

"ትመለሳለህ" አለችው።

"ትጠሪኛለሽ?"

"እጠራሃለሁ እንጂ።"

ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ድራም መቺ አገኘች። የእሱ ምት ትክክል ነው፤ አንድም ቀን አይሳሳትም፣ አንድም ቀን አይጠብቃትም። ወደቡ ጋ የሚራጎን ጀልባ ስታይ በሌላ መንገድ የምትዞርባቸው ዓመታት ነበሩ። አልጠራችውም።

እናቷ ሞቱ፤ የክላንሲ ሥጋ ቤት የውሻ ጸጉር ማስተካከያ ሆነ። ሜርል ጸጉሯ ሸብቶ፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር የምትጫወት ሴት ሆነች። አንድ ክረምት ጊታር ተጫዋች እንፈልጋለን ብላ ማስታወቂያ ለጠፈች። ለመፈተን የመጡት አዳራሹ በር ላይ ተሰለፉ። ከሁለት ጎረምሶች መሃል፣ ራሰ በራ ሽማግሌ ጊታሩን አቅፎ ቆሟል። የያዘው ያንኑ የናላርቦሩን ጊታር ነበር።

"ሮድኒ ነኝ" አለ ተራው ሲደርስ። "ኦሪዮንን ትቼዋለሁ። መምህራችን የሙዝ እርሻውን ሸጦ ኒው ዚላንድ ገባ።"

"ሜዳው አልነገረህም?" አለች ሜርል።

"አልነገረኝም።"

"እንግዲህ ተጫወት። ቢጫው ጆሮ።"

ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ባንዱ ዘፈኑን ኖኤል በቆረጠው አጭር መልክ፣ ዝቅ ባለ ቅኝት፣ ፈጠን ባለ ምት ነው የሚያውቀው። ሮድኒ ግን በድሮው ገባ። ወጣቶቹ ፈለጉት፣ አጡት፣ ቆሙ። እሱ ቀጠለ። ድራም መቺዋ ታሊያ ዱላዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ሜርል ጎንበስ አለች።

"እኚህ አባት ዘፈኑን አያውቁትም እንዴ?"

"የደረሰው እሱ ነው" አለች ሜርል።

"ታዲያ ለምንድነው የሚሳሳቱት?"

ሮድኒ ራሱ ደክሞት ሲያቆም ቦታውን ከጎረምሶቹ ለአንዱ ሰጠችው። ከዚያ ሮድኒን ይዛ ወጣችና ወደቡ ጋ ዓሣና ድንች ጥብስ ገዝታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ጥሩ አልነበርኩም አይደል?"

"አልነበርክም። ድሮም አልነበርክም።"

"ድሮ አልነገርሽኝም።"

"ድሮ ዓይንህን ስለምትጨፍን ፊቴን አታይም ነበር።"

ሮድኒ ሳቀ። ሽማግሌ ሆኖ የሳቀው ሳቅ ከኦሪዮን ፈገግታ ይሻላል ብላ አሰበች። "ያን ቀን ስሙን ቅበሩት ያልኩት…" ብሎ ጀመረ።

"ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አለችው።

ሰውየው ግን ቅስሙ የሚሰበር ዓይነት አልነበረም። አውስትራሊያ ውስጥ ከዘጠነኛው ሐብሐብ የወጣ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ዳቦ ቤት የከፈተውን አገኘው፤ ጌታን ያገኘውን አገኘው፤ ኖኤልን ከነውሻው ዘፈን አመጣው። በመጨረሻ ጀልባው ጋ ሄዶ ሳልን ጠራው፤ ሳልም መጣ። "ዋናው ዘጠነኛው ሐብሐብ" ብለው እሁድ ከሰዓት በጡረተኛ ወታደሮች ክበብ መጫወት ጀመሩ። ታሊያ ተቆጥታ በጠበቃ እናስቁማቸው አለች። ሜርል መጀመሪያ ልስማቸው ብላ አንድ እሁድ ሄደች።

ከኋላ ቆመች። ሮድኒ እንደተለመደው ይሳሳታል፣ ቤዝ ተጫዋቹ አርጅቶ ጣቱ ይዘገያል፣ ኖኤል ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚዘፍነው። በኦርጋን ፋንታ አንዲት ሴትዮ አኮርዲዮን ይዘዋል። ጡረተኞቹ ቢራቸውን ይዘው በጥሞና ይሰማሉ፤ ግማሾቹ የጆሮ መርጃቸውን አጥፍተዋል። ከዚያ ሳል ገባ። ቀስ ብሎ፣ ከሁሉም ሥር፣ ሴትዮዋ ድምፁን ይዘው እስኪጨርሱ እየጠበቃቸው። ሜርል እንዲህ የጠበቃት ሰው ከስንት ዓመት ወዲህ እንደሌለ ገባትና ዓይኗ እንባ ሞላ። በራሷ በጣም ተናደደች።

ሲያልቅ ሮድኒ ላቡን እየጠረገ መጣ። "እንዴት ነበር?"

"ረጅም ነበር።"

"ግን እስኪያልቅ ቆየሽ።"

"በሩን በድምፅ ማጉያው ዘግታችሁት ነው።"

ሳል ከመድረኩ አልወረደም። ሜርል ሄዳ አጠገቡ ቆመች፤ የምትለውን ግን አላዘጋጀችም።

"ሳልጠራህ ቀረሁ" አለችው።

"አውቃለሁ።" ዱላዎቹን ወደ ቦርሳው ከተተ። "ያ ድራም መቺሽ ጥሩ ነው አሉ።"

"አሁን ሴት ናት። ጥሩ ናት። ሰዓት ናት።"

"ሰዓት መሆኑማ ጥሩ አይደለም" አለ ሳል፤ የድራሙንም አንድ ጫፍ አነሳ። ሜርል ሌላውን ጫፍ ይዛ እስከ መኪናው ሸኘችው።

ለጠበቃ አልጻፈችም። ታሊያ ምክንያቱን ስትጠይቃት የሚያስከስስ ሙዚቃ አልሰማሁም አለቻት። ሁለቱም ባንዶች እስከ ዛሬ አሉ። ከአንዱ የተባረረ ወደ ሌላው ይገባል። በዚህ መንገድ ዘጠነኛው ሐብሐብ፣ ሮድኒ እንደሚለው፣ አሁንም እያደገ ነው።