ይማርሽ ሲሏት

በላስታ ለታመመች ሴት «ይማርሽ» ይባላል፤ የነርሷ ስም ደግሞ ራሱ ይማርሽ ነው። ታዲያ በሽተኛ ይህን ሰምቶ እንዴት አይስቅ! በሰባ ሰባቱ ችጋር፣ ከላሊበላ ወረድ ብሎ በተተከለው መጠለያ የመጀመሪያ ሥራዋን በጀመረች ሰሞን፣ አንዱ «ይማርሽ!» ባለ ቁጥር የተጠራች እየመሰላት ትሮጥ ነበር። «ኧረ አንቺን አይደለም፣ ጎረቤቴን ነው!» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። በዚያ ክፉ ዘመን ሳቅ ማግኘት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ሳቁ ያለቀው ሳሙናው ያለቀ ለታ ነው። ሳሙና ሲጠፋ ቅማል ነገሠ፣ ቅማል ሲነግሥ ተስቦ ገባ። ባልደረባዋ አረጋ፣ ቁስል አጣቢው ድሬሰር፣ ወደቀና አልተነሣም። ይማርሽ ጓንት የላት፣ ሳሙና የላት፣ ትኩሳት የሚያቃጥለውን ሰው አቅፋ ውሃ ስታጠጣ ትውላለች። ኃላፊውን ጓድ ከፋለን «ልሂድ» ብትለው፣ «ዓመት ሳይሞላሽ? ከግዳጅ መክዳት ነው!» ብሎ ጀርባውን ሰጣት። እሱ እንኳ ድንኳን የሚባል አይረግጥም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ!

ሸዕባን የሚባለው ሾፌር እህል ጭኖ በመጣ ቀን፣ ከጠዋቱ ራሷን ፈለጣት፤ ብርድ ብርድ አላት። እናቷ ያለችው ኮን ከተማ ነው፤ መኪናው ሲመለስ ደግሞ በኮን ያልፋል። ብትሄድ ይህን ሁሉ ሰው ለማን ትታ? ብትቀር የአረጋ ዕጣ ነው። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ውሃ መቅዳቷን ቀጠለች።

«ይማርሽ» አሉ እማማ ወለተ ሐና። ከተስቦ አስታማ ያዳነቻቸው ባልቴት ናቸው።

ሮጣ ሄደች። «አቤት እማማ፣ ውሃ ልስጥዎ?»

«አልጠራሁሽም ልጄ። ይማርሽ ነው ያልኩሽ።»

ባልቴቷ እጇን ስበው አስቀመጧት፤ ግንባሯን ዳሰሱ፤ የአንገትጌዋን ስፌት ገልጠው አንዲት ቅማል በጥፍራቸው ደፈጠጡ። «ይኸው! እኔን የያዘኝ ያዘሽ። አውቀሽ ዝም ትያለሽ?»

«ብሄድ ከዳኋችሁ አይደል እማማ?»

«ምን ትላለች ይቺ! አረጋን ቀበርነው፤ አሁን ማንን ያክማል? ውሃ ማጠጣቱ እኔንም አያቅተኝም። አንቺ ብቻ ኑሪልን።»

ይማርሽ ጭናቸው ላይ ተደፍታ እንደ ልጅ አለቀሰች። እሳቸውም ቀና አድርገው ደግፈው ውሃ አጠጧት። እዚያ ቦታ ከመጣች ሰው ደግፎ ሲያጠጣት የመጀመሪያዋ ነበር።

እህሉ እስኪራገፍ ባልቴቷ ልብሷን ቀቅለው፣ ለሸዕባን ቅማል እንዳታወርሰው ብለው እሳት ዳር አደረቁላት። ይማርሽም ከፋለ ዘንድ ሄዳ፣ «ጓድ፣ ተስቦ ይዞኛል፤ መሄዴ ነው» አለችው። ያ ሁሉ ፉከራ የት ይግባ! መሐረቡን አፍንጫው ላይ ለጥፎ፣ «ሂጂ! ምን ትቆሚያለሽ!» አላት።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ከየድንኳኑ ጩኸት ተነሣ። «ይማርሽ! ይማርሽ!» ልማድ ሆኖባት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

ሸዕባን ፍሬን ያዘ። «ያ ረቢ፣ ይጠሩሻል እኮ! ላቁም?»

ተመልሳ ተቀመጠች፤ እንባዋ ይወርዳል።

«ይሂዱ ጋሼ» አለች። «አልጠሩኝም።»